ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አማርኛው የት ይሄዳል?

ላይቭ ሊኑክስ የሚባለውን ነገር ነክቶ ለማያውቅ ሰው በአጭሩ እንዲህ ነው። ፍላሽ ትሰካላችሁ (ድሮ ሲዲ ነበር)፣ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ እንዲነሳ ታዙታላችሁ፣ ሙሉ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ከነብሮውዘሩ፣ ከነጽሕፈት ፕሮግራሙ ይነሳል። ውስጥ ያለው ዊንዶውስ አልተነካም። ሀርድ ዲስኩ ላይ አንዲት ፊደል አልተጻፈችም። ስትጨርሱ ታጠፉታላችሁ፣ እሱም ሁሉን ይረሳል፦ የጻፋችሁትን ፋይል፣ የጫናችሁትን ፎንት፣ የዋይፋዩን ፓስዎርድ። በማግስቱ ስታስነሱት ዓይቷችሁም አያውቅ።

መርሳቱ ጥቅም አለው። እዚህ አገር የኢንተርኔት ካፌ ወይም የዩኒቨርሲቲ ላብ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ዲፕ ፍሪዝን ያውቀዋል፤ ስክሪኑ ጥግ ላይ የምትቀመጠዋን ነጭ ድብ። ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ወደተወሰነለት ቀን ይመለሳል። ሾርትከት ቫይረሱ ይጠፋል፣ ከናንተ በፊት የነበረው ሰው ከፍቶት የሄደው ፌስቡክ ይጠፋል፣ ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጣችሁት አሳይመንትም ይጠፋል። እኔ የተማርኩበት ላብ በር ላይ «ዴስክቶፕ ላይ ሴቭ ማድረግ አይቻልም» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ዝም ብሎ የተለጠፈ አይመስለኝም፤ የሆነ ተመራቂ ፕሮጀክት ከጠፋ በኋላ መሆን አለበት።

ዛሬ የምጽፈው ይህ የሚረሳ ማሽን ማስታወስ እንዴት እንደተማረ ነው። ይህን ታሪክ የምወደው ለቴክኒኩ ብቻ ብዬ አይደለም። አማርኛ ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ ጀምሮ አብዛኛውን ዕድሜውን የኖረው በሚረሳው በኩል ስለሆነ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው። ሁለት ካሌንደር ሲቀላቀል ምን እንደሚሆን የሶፍትዌር ሰው ሁሉ ያውቃል።)

ከሲዲ በቀጥታ የሚነሳ ሊኑክስ በ1992ም ነበር፤ ይግድራሲል ይባላል። ግን የዚያ ዘመን ሲዲ ድራይቭ ዘገምተኛ ነው፣ ራም ደግሞ ውድ ነው፣ ስለዚህ ብዙ ሰው ጋ አልደረሰም። ነገሩን ያስፋፋው ጀርመናዊው ክላውስ ክኖፐር ነው። በ2000 ክኖፒክስን አወጣ። አንድ ተራ ሲዲ 700 ሜጋባይት ይይዛል፤ ክኖፐር ክሉፕ በሚባል ዘዴ ጨምቆ ወደ 2 ጊጋ የሚጠጋ ሶፍትዌር እዚያ ላይ አስገባ። ማሽኑ ሲነሳ የተጨመቀውን ሁሉ አይፈታውም፤ የሚያስፈልገውን ቁራጭ ብቻ እየፈታ ያነባል። በ2002 ፊሊፕ ላወር የጀመረው ስኳሽኤፍኤስ ያንኑ ሥራ በተሻለ መንገድ መሥራት ጀመረ፣ በ2009 የሊኑክስ ዋና ኮድ ውስጥ ገባ። ዛሬ የምታወርዱት ላይቭ ሊኑክስ ሁሉ ማለት ይቻላል ውስጡ አንድ ትልቅ የስኳሽኤፍኤስ ፋይል አለ። የታሸገ ነው። ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም።

ታዲያ የማይጻፍበት ነገር ላይ እንዴት ተደርጎ ይጻፋል? እውነተኛው ብልሃት እዚህ ጋ ነው።

መጽሐፍ ላይ ላስቲክ አንጥፋችሁ፣ በላስቲኩ ላይ በማርከር እንደምትጽፉ አስቡት። ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው የመጽሐፉ ጽሑፍና የናንተ ጽሑፍ አንድ ገጽ ሆኖ ይታየዋል። ላስቲኩን ስታነሱ መጽሐፉ ንጹህ ነው። ላይቭ ሲስተምም ሁለት ንብርብር ነው፤ ከታች የታሸገው፣ ከላይ ባዶው። ፕሮግራም ፋይል ሲጠይቅ መጀመሪያ ላይኛው ይታያል፣ እዚያ ከሌለ ታችኛው። ፋይል ሲቀየር ኮፒው ወደ ላይ ይወጣና እዚያ ይቀየራል። የሚገርመው የማጥፋቱ ነገር ነው። ከታች ያለውን መፋቅ ስለማይቻል፣ ከላይ «ይህ ፋይል የለም» የሚል ምልክት ይቀመጥበታል። ፋይሉ ግን እዚያው አለ፣ ተሸፍኖ። ላይቭ ፍላሽ ላይ ጌም አጥፍታችሁ ቦታ አልለቅ ያላችሁ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው።

መጀመሪያ ላይ ላይኛው ንብርብር የሚቀመጠው ራም ላይ ነበር፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ኤሬዝ ዛዶክ በሚባል ፕሮፌሰር መሪነት ስቶኒ ብሩክ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ዩኒየንኤፍኤስ በ2005 በክኖፒክስ 3.8 ሲገባ መላው ሲስተም የሚጻፍበት መሰለ። ከዚያ ጃፓናዊው ጁንጂሮ ኦካጂማ አውፍስን አመጣ፤ ለዓመታት ስንቱ ላይቭ ሲዲ በሱ ሠርቶ የሊኑክስ ዋና ኮድ ግን አልቀበልም አለው። በመጨረሻ በ2014 ማብቂያ ኦቨርሌይኤፍኤስ ከሊኑክስ 3.18 ጋር ገባና ክርክሩ በዚያው በረደ። ዶከር የምትጠቀሙ ልጆች፣ ኢሜጅና ኮንቴይነር የምትሉት ይኸው ነው፤ ሌላ ልብስ ለብሶ።

ላይኛውን ንብርብር ከራም አውርዶ ቋሚ ቦታ ላይ ማኖር ሌላ ሥራ ነበር። እኔ የምወደው የአውስትራሊያዊው ባሪ ካውለርን መፍትሔ ነው። በ2003 የጀመረው ፓፒ ሊኑክስ ሲጠፋ ይጠይቃችኋል፤ አዎ ካላችሁት የቀኑን ለውጥ አንድ ፋይል ውስጥ አጠራቅሞ ያስቀምጣል። ፍላሽ ለሌለው ሰው ደግሞ የተነሳበት ሲዲ ላይ መልሶ ያቃጥለዋል፤ ሲዲው እስኪሞላ ድረስ በየቀኑ አንድ አንድ ክፍል እየጨመረ። ኡቡንቱ በበኩሉ ካስፐር-አርደብሊው የሚባል ፋይል ከፈለገ ለውጡን እዚያ ይጽፋል። ፍላሹ ፋት32 ከሆነ ግን ያ ፋይል ከ4 ጊጋ ማለፍ አይችልም። (መርካቶ የሚሸጠው «64 ጊጋ» አንዳንዴ እውነተኛው 8 መሆኑ የራሱ ታሪክ ነው። ከመጠቀማችሁ በፊት ኤፍ3 በሚባለው ፕሮግራም ፈትሹት።)

አሁን ወደ አማርኛ ልምጣ።

ከዩኒኮድ በፊት ኮምፒውተር ላይ የነበረው አማርኛ ላስቲኩ ላይ የተሳለ ስዕል ነበር ብል ማጋነን አይደለም። ቪዥዋል ግዕዝንም ፓወር ግዕዝንም የመሰሉት ሶፍትዌሮች በድሮው አሠራራቸው ፊደሉን ያስቀምጡ የነበረው በላቲን ኮድ ላይ ነው። ፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ ፎንቱ ከላይ የእኛን ቅርጽ ይስልበታል። ፎንቱ በሌለበት ማሽን ስትከፍቱት የወጣው እንቶ ፈንቶ ትዝ ይላችኋል? ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች ፎንቱን በፍላሽ ይዘው የሚዞሩት ለዚህ ነበር። መሰረቱ ስለ አማርኛ የሚያውቀው ነገር የለም። ፎርማት በተደረገ ቁጥር አማርኛ ከዜሮ ይጀምራል።

ከታች ለማስገባት የታገሉ ሰዎች ነበሩ። ፍስሐ አጥላው ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደከመበት። በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ሴራ የሚባለውን፣ አማርኛን በላቲን ፊደል ሳይምታታ የመጻፊያ ሥርዓት ሠሩ። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ታካሃሺ ናኦቶ የሚባል ሰው ለኢማክስ የግዕዝ መጻፊያ ጻፈ፤ ዛሬም ኢማክስ ስታወርዱ አብሮ ይመጣል፣ ማንም አይነካው እንጂ። መስከረም 1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ 345 የግዕዝ ምልክቶች የራሳቸውን ቁጥር አገኙ። ከዚያ በኋላ ሀ ማለት ሀ ነው፤ የማንም ፊደል ጭምብል አይደለም።

ቁጥር ማግኘት ግን መሰረት ውስጥ መግባት ማለት አይደለም። ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን ፎንት ዊንዶውስ ውስጥ ጨምሮ ያመጣው ከቪስታ ጋር ነው፣ 2007። በሊኑክስ በኩል የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የአማርኛን ሎካል (የቀን ስም፣ የብር ምልክት፣ የፊደል ቅደም ተከተል) ለጂሊብሲ አዘጋጀ፤ ኤስአይኤል አቢሲኒካ የተባለውን ፎንት በነጻ ፈቃድ ሰጠ፤ ኤም17ኤን የሚባለው የመጻፊያ ስብስብ ሴራን ጨመረ። በ2009 በወጣው ዴቢያን 5 ደግሞ አማርኛ ከግራፊካል መጫኛው ቋንቋዎች አንዱ ሆነ። እነዚህ ሁሉ በተለያየ እጅ፣ በተለያየ ጊዜ፣ አንድ አንድ እያሉ ከላይኛው ንብርብር ወደ ታችኛው የወረዱ ነገሮች ናቸው። ኡቡንቱ ከ2004 እስከ 2011 ሲዲ በነጻ፣ በፖስታ፣ ወደ የትኛውም አገር ይልክ ነበር። ያን ሲዲ ላይቭ አስነስቶ በአማርኛ ምቾት ኖሮት መጻፍ የፈለገ ሰው ግን መጻፊያውን ኢንተርኔት ፈልጎ መጫን ነበረበት። ማሽኑ ሲጠፋ ደግሞ እንደገና።

እዚህ ላይ ነው ሪማስተር የሚመጣው። ሪማስተር ማለት ታችኛውንና ላይኛውን ንብርብር አዋህዶ አዲስ ታችኛ መሥራት ነው። ለውጣችሁ ለውጥ መሆኑ ይቀራል፤ መሰረት ይሆናል። በጥንቱ መንገድ የታሸገውን ፋይል ሀርድ ዲስክ ላይ ትፈቱታላችሁ፣ ቤት እንደሚገባ ሰው ወደ ውስጡ ትገባላችሁ፣ የምትጨምሩትን ጨምራችሁ የምትቀንሱትን ቀንሳችሁ መልሳችሁ ትጨምቁታላችሁ። ዳም ስሞል ሊኑክስ እንዲህ ከክኖፒክስ ተወልዶ 50 ሜጋባይት ላይ ቆመ። በኋላ ሪማስተርሲስ መጣ፣ ቀጥሎ ኩቢክ፤ ከነኩቢክ ጋር ሥራው የአንድ ከሰዓት ሆነ።

ሪማስተር ሳደርግ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ የሞጣና የቢቸና አካባቢ ብራና ነው። ዘመዶቼ ምሥራቅ ጎጃም ናቸው፣ ደጀንን አለፍ ብሎ የጥኖራ። ትልልቆቹ የጥኖራ ሲባል የደርግ ዘመን ሞዴል የገበሬዎች አምራች ማህበር ነው ትዝ የሚላቸው፤ ለኔ ትውልድ ነጭ ጤፍ ነች። ከዚያ ወደ ሞጣ ስትሄዱ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል ያቆመችው ሞጣ ጊዮርጊስ አለ። በነዚህ የጎጃም አድባራት ወንጌል ውስጥ የታችኛው ንብርብር ቅዱስ ቃሉ ነው። አይነካም። በባዶ ቅጠሉና በህዳጉ ላይ ግን ሌላ ነገር ይጻፋል፦ የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታ፣ ኑዛዜ፣ የምስክሮች ስም። መጽሐፉ ስለማይጠፋና ስለሚፈራ፣ ውሉም በሱ ጥላ ሥር ይጠበቃል። ጸሐፊው ሲሳሳት እንኳ አይፍቅም አንዳንዴ፤ ፊደሉን በነጥብ ወይም በመስመር ይከበዋል። «ይህ የለም» ማለት ነው። ታች ያለው አሁንም ይነበባል።

ዶናልድ ክራሚ በ2000 ያሳተመው ስለ ኢትዮጵያ መሬትና ኅብረተሰብ የሚናገር ትልቅ መጽሐፍ በአብዛኛው የቆመው በነዚህ የህዳግ ጽሑፎች ላይ ነው። ስለኛው ምሥራቅ ጎጃም ደግሞ ሀብታሙ መንግሥቴ በ2004 በፎረም ፎር ሶሻል ስተዲስ በኩል ያሳተመው ጥናት አለ። እኔን ካስገረመኝ አንዱ «ዜጋ» የምትለዋ ቃል ናት። ዛሬ መብት ያለው ሰው ማለት ነው፤ በዚያ ዘመን በምሥራቅ ጎጃም ግን መሬት የሌለው፣ ለባለ መሬቱ የተገዛ ሰው ነበር ዜጋ። ይህን የነገረን ዋናው ጽሑፍ አይደለም። ላስቲኩ ላይ የተጻፈው ነው።

መጽሐፍ ግን ያረጃል፣ ይገለበጣል። ገልባጩ ያኔ ምን ያድርግ? ወንጌሉን ብቻ ቢገለብጥ ንጹህ መጽሐፍ ያገኛል፣ የሰው ርስት ግን ማስረጃ ያጣል። ህዳጉንም ቢገለብጥ የሞቱ ሰዎች ክርክር አዲሱ መጽሐፍ ውስጥ ይገባል። ሁለቱም ሆኗል። ከ1973 ጀምሮ በኢትዮጵያ የብራና ማይክሮፊልም ሥራ ሺህዎች መጻሕፍት ፎቶ ተነስተው ኮፒያቸው ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ሲቀመጥ፣ ካሜራው ምርጫ አላደረገም። ዋናውንም ህዳጉንም፣ የሰም ጠብታውንም ጭምር፣ እንዳለ ወሰደ። በኛ ሙያ ይህን ሙሉ ኢሜጅ እንለዋለን። ጌታቸው ኃይሌ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ቁጭ ብለው የለቀሙት ህዳጉም ስለተነሳ ነው።

የሪማስተርም ጥያቄ ይኸው ነው፣ ቃል በቃል። አንቲኤክስና ኤምኤክስ የሚባሉት ሊኑክሶች (አንቲኤክስ በጣም ያረጀ ማሽን ላይ ስለሚሮጥ ለኛ አገር ላብ ይስማማል) ከሚሮጠው ላይቭ ሲስተም ላይ ሳትወርዱ ሪማስተር ታደርጋላችሁ። ሲጀምር ይጠይቃል፦ የግል ወይስ አጠቃላይ? የግል ካላችሁት አካውንታችሁን፣ ፋይላችሁን፣ የብሮውዘር ታሪካችሁን፣ የዋይፋይ ፓስዎርዳችሁን ሁሉ ወደ ታች ያወርደዋል። ለራሳችሁ ከሆነ ጥሩ ነው። ለሰው ከሰጣችሁት ግን ኪሳችሁን አብራችሁ ሰጣችሁ። አጠቃላይ ካላችሁት የጫናችሁት ፕሮግራም ይወርዳል፣ የተጠቃሚው ቤት ግን ይጸዳል፤ አዲስ ሰው አዲስ ቤት ያገኛል። አሮጌው የታሸገ ፋይል ወዲያው አይሰረዝም፤ «ኦልድ» የሚል ቅጥያ ይዞ አዲሱ ጎን ይቀመጣል፣ አዲሱ አልነሳ ቢል ወደሱ መመለስ እንዲቻል። ይህቺን ጥንቃቄ ማን እንዳሰባት ባላውቅም ሻይ እጋብዘው ነበር።

የአክስቴ ልጅ የጥኖራ አካባቢ ያስተምራል። ላቡ ውስጥ ያሉት ማሽኖች በእርዳታ የመጡ፣ ሀርድ ዲስካቸው የሚንተፋተፍ ናቸው። በፍላሽ ነው የሚነሱት። ፍላሹን የምሠራው እኔ ነኝ፤ አዲስ አበባ ሠርቼ በሰው እልካለሁ። በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ፣ «አፕዴት» የሚለው ቃል ትርጉሙ ለኔ ተቀየረ። አፕዴት ማለት ሪማስተር አድርጎ፣ ፍላሹን በወረቀት ጠቅልሎ፣ አባይን ለሚሻገር መንገደኛ መስጠት ሆነ። ኢንተርኔት ያለው ሰው የጎደለውን በኋላ ይጭናል፤ ኢንተርኔት የሌለው ሰው ግን ያለው ከታች ያለው ብቻ ነው። ስለዚህ ከታች ምን ይግባ የሚለው ውሳኔ ለሱ ቀላል አይደለም። አማርኛ መጻፊያው ከታች ካልገባ ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ በእንግሊዝኛ ኪቦርድ «ሰላም» ሳይጽፉ ይከርማሉ።

አንድ ቀን ደወለ።

«አንተ ልጅ፣ ያ ፍላሽህ ዛሬም አላወቀኝም።»

«መብራት ሄዶ ነበር እንዴ?»

«የማይሄድበት ቀን አለ?»

ነገሩ ገባኝ። ለውጥ የማስቀመጫው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ለውጡን ራም ላይ ይዞ ሲጠፋ ወደ ፍላሹ ያወርዳል፤ ፈጣን ነው፣ ፍላሹንም አይጨርሰውም። ሁለተኛው እያንዳንዱን ለውጥ ወዲያው ፍላሹ ላይ ይጽፋል፤ ዘገምተኛ ነው፣ ርካሽ ፍላሽ ደግሞ እየተጻፈበት ያልቃል። ሰነዶቹ ለፍጥነት የመጀመሪያውን ይመክራሉ። ምክሩን የጻፉት ሰዎች አገር ማሽን የሚጠፋው ሰው ሲያጠፋው ነው። እዚያ ግን መብራት ኃይል ነው የሚያጠፋው፣ ሳይጠይቅ። ሁለተኛውን አደረግንለት። ዎርድ መሰሉ ፕሮግራም ለመከፈት ሻይ ያስፈላል፤ የተጻፈው ግን አለ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጥያቄ ነው እስካሁን የያዘኝ። ሊብሬኦፊስ ላይ የአማርኛ ሐንስፔል መዝገበ ቃላት ጭኜለት ነበር፤ ያልታወቀ ቃል ከሥሩ ቀይ መስመር ይሰመርበታል። «የጥኖራ» ከሥሯ ቀይ ናት። ምክንያቷ ሲታሰብ ያስቃል። አማርኛ ውስጥ «የ» ቃል ላይ የሚለጠፍ ነገር ስለሆነ፣ ማሽን «የ»ን ገንጥሎ «ጥኖራ» የምትባል አገር ቢፈልግ አያገኛትም። የአካባቢው ስሞች ደግሞ እንዲህ ናቸው፦ የትመን፣ የጁቤ፣ የዕድ ውኃ። ልጆቹ ስለ አገራቸው ድርሰት ሲጽፉ ገጹ ቀይ በቀይ ይሆናል። አንዳንዶቹ ቀዩን ሲያዩ የተሳሳቱ እየመሰላቸው ስሙን ያጠፉታል።

መምህሩ ዝም አላለም። በቀኝ ክሊክ «ጨምር» እያለ አንድ አንድ አስገባ። የቀበሌ ስም፣ የቤተ ክርስቲያን ስም፣ የማረሻ ዕቃ፣ የጤፍ ዓይነት፣ መዝገቡ የማያውቃቸውን የእህል ቤት ቃላት። ተማሪዎቹም ጨመሩ፤ በየፍላሹ ሌላ ሌላ ቃል ተጠራቀመ። በቴክኒክ ስትመለከቱት ይህ ሁሉ የተቀመጠው የተጠቃሚው ቤት ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ነው፣ ከላይኛው ንብርብር። እኔ አጠቃላይ ሪማስተር ሳደርግ ደግሞ መጀመሪያ የሚጸዳው ያ ነው። የልጆቹን ፓስዎርድ ላለማሰራጨት ማጽዳት አለብኝ፤ ቃላታቸውን ላለማጥፋት ማጽዳት የለብኝም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም፣ ሥራ ይፈልጋል እንጂ። ስኬል የሚባል ፎልደር አለ፤ አዲስ ተጠቃሚ በተፈጠረ ቁጥር የቤቱ ናሙና ከዚያ ይገለበጣል። ፍላሾቹ ወደኔ ሲመለሱ የቃላት ፋይሎቹን ብቻ ከየቤቱ አወጣለሁ፣ እደባልቃለሁ፣ ድግግሞሹን አጠፋለሁ፣ ለመምህሩ በወረቀት አትሜ እልካለሁ። እሱ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ የፊደል ግድፈቱን ይለያል፤ ግድፈት መስሎኝ የነበረ ስንት ቃል የሰፈር አነጋገር መሆኑን የነገረኝ እሱ ነው። ያለፈው ወደ ስኬል ይገባና ከዚያ ሪማስተር ይደረጋል። ቃላቱ የማንም የግል ለውጥ ሳይሆኑ ሲስተሙ ሲነሳ የሚያውቃቸው ይሆናሉ።

ባለፈው ዙር የገባው ዝርዝር ከመቶ ቃል ትንሽ ይበልጣል። የጥኖራ ገብታለች፣ የትመንም። የዕድ ውኃ ላይ ግን አልተስማማንም፤ እሱ በዐይኑ «ዐ» ይላል፣ ከተማሪዎቹ ግማሾቹ በ«እ» ይጽፉታል፣ «ውኃ»ም ሦስት ዓይነት ሆኖ መጥቷል። በስልክ ስንከራከር ካርድ አለቀበት። ሦስቱም ለጊዜው ከላይ፣ በየልጆቹ ፍላሽ ላይ ናቸው።